ሲምፎኒ ለአባቴ፣ በ50 ዶላር

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው። በወጣትነቱ ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት የማዕድን ምህንድስና ተምሯል። ተማሪ እያለ በርካሽ ትኬት ፊልሃርሞኒያ አዳራሽ ይገባ ነበር። ሲመለስ ሜሎዲያ የሚባለውን የሶቪየት ኩባንያ ሸክላዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆየ፣ ሸክላዎቹም ቤት ስንቀይር የት እንደገቡ አላውቅም። ለገና ስሄድ የቻይኮቭስኪን፣ የሾስታኮቪችንና የቤትሆቨንን ሲምፎኒዎች በፍላሽ ልወስድለት አስቤያለሁ። ኢንተርኔት ከፍቶ መስማት ለእሱ አይሆንም፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እሱም ስልክ መነካካት አይወድም። ፍላሽ የሚቀበል ስፒከር ግን አለው።

ስፈልግ ግራ ገባኝ። አንዱ ጋ አንድ አልበም 18 ዶላር ነው። ሌላው ጋ መቶ ሥራ በአንድ ዶላር ይሸጣል። ጓደኛዬ ደግሞ «ከዩቲዩብ ላይ ቀይሪው፣ ማን ያይሻል?» አለችኝ። ያለኝ 50 ዶላር ነው። ስለ ክላሲካል ምንም አላውቅም። የማውቀው አባቴ ጺሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉራትን አንዲት ዜማ ብቻ ነው። «ይቺን ሆርኑ ብቻውን ነው የሚጫወታት፣ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው» ይለኛል። ስሟን ጠይቄው አላውቅም።

የአባቷ ልጅ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

የአባትሽ ልጅ፣ እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። በጥሩ ጊዜ ነው የጻፍሽልኝ። ገና እስኪደርስ ከ15 ሳምንት በላይ አለሽ። ይህ ጊዜ ከ50 ዶላርሽ የበለጠ ይጠቅምሻል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስትፈልጊ የምታገኚያቸው በዚያው ስለሆነ።)

መጀመሪያ ያቺን ዜማ እንያት። ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት የቻይኮቭስኪ አምስተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ትመስለኛለች። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚጫወተው ረጅም ሙዚቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ ሻጮቹ እያንዳንዱን ክፍል እንደ አንድ ትራክ ይቆጥሩታል። ይህን ያዥው፣ በኋላ ገንዘብ ይሆንሻል። በዚህ ሁለተኛ ክፍል መግቢያ ላይ ክራሮቹ፣ ይቅርታ፣ ቫዮላና ቼሎዎቹ ከነቤዞቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ሆርኑ፣ ያ የተጠቀለለው የነሐስ ጥሩምባ፣ ብቻውን ይገባል። ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ነው። አንዴ የሰማው ሰው ጺሙን ሲላጭ ቢያንጎራጉረው አይገርመኝም።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ይህን ሲምፎኒ ያልቀዳው ኦርኬስትራ የለም ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ ያለው ቅጂ ብዛቱ ለጉድ ነው። ኖታው አንድ ነው፤ ድምፁ ግን አንድ አይደለም። በተለይ ሆርኑ። የዚያን ዘመን የሩሲያ ሆርን ተጫዋቾች ድምፁን እያርገበገቡ ነበር የሚጫወቱት። እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ሳክስፎን ነው የሚመስለው። ጀርመን ወይም አሜሪካ የተቀዳውን ብታመጪላቸው ሆርኑ ቀጥ ብሎ፣ ጠርቶ ይወጣል። በጣም ያምራል። ግን አባትሽ ሌኒንግራድ ተቀምጠው የሰሙት እሱን አይደለም። «ጥሩ ነው ልጄ» ይሉሻል። አባቶች መቼም እንዲህ ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ገንዘብሽን በአንድ ነገር ላይ አውጪው፣ ሌላውን በርካሽ ወይም በነጻ ሰብስቢ። ያ አንድ ነገር የቭጌኒ ምራቪንስኪ የሚባለው የኦርኬስትራ መሪ የመራው ቻይኮቭስኪ ነው። ምራቪንስኪ ከ1938 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1988 ድረስ የሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ዋና መሪ ነበር። ሃምሳ ዓመት፣ አንድ ወንበር! አባትሽ በተማሩበት ዘመን ዕድሜው ወደ ሰማንያው ደርሶ ነበር፤ ዕድል ከቀናቸው እሱን ራሱን አይተውታል። ኦርኬስትራው በ1960 ለኮንሰርት ወደ ምዕራብ አውሮፓ በወጣ ጊዜ ዶይቸ ግራሞፎን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቀዳቸው። አራተኛውን ሲምፎኒ ለንደን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቪየና። ሦስቱም በአንድ አልበም ይሸጣሉ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሙዚቃ ነው። አንቺ 18 ዶላር አይተሽ የደነገጥሽበት አልበም ይሄው ከሆነ አትጨቃጨቂ፣ ግዢው። ለሦስት ሲምፎኒ ሲካፈል 6 ዶላር ነው። አንድ ማኪያቶና ኬክ።

ስትገዢ ግን ዓመቱን እዪ። ይኸው ኦርኬስትራ በ1956ም ለዚያው ኩባንያ እነዚህን ሲምፎኒዎች ቀድቶ ነበር፤ ያ ሞኖ ነው፣ አራተኛውንም የመራው ኩርት ዛንደርሊንግ እንጂ ምራቪንስኪ አይደለም። መጥፎ አይደለም፣ ግን አንቺ የምትፈልጊው የ1960ውን፣ ስቴሪዮውን ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ከተማዋ ስሟን ስትቀይር ኦርኬስትራውም ቀየረ፤ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ፊልሃርሞኒክ ነው። በዚህ ስም ብትፈልጊ በአብዛኛው የሚመጣልሽ ከምራቪንስኪ በኋላ የተረከበው ዩሪ ቴሚርካኖቭ ነው። እሱም ትልቅ መሪ ነበር። ያንቺ ግን አይደለም።

ፍለጋው ላይ የሚያስቸግርሽ የስም አጻጻፍ ነው። ቻይኮቭስኪን እንግሊዞቹ አንድ ዓይነት፣ ጀርመኖቹ ሌላ ዓይነት ይጽፉታል። መፍትሔው የሥራ ቁጥር ነው፣ ኦፐስ የሚሉት። የቻይኮቭስኪ አምስተኛ ኦፐስ 64፣ ስድስተኛው ኦፐስ 74 ነው። የሾስታኮቪች አምስተኛ ኦፐስ 47፣ የቤትሆቨን አምስተኛ ኦፐስ 67፣ ዘጠነኛው ኦፐስ 125። ከቁጥሩ ጎን የመሪውን ስም ጨምሪበት። ቁጥር በየትም ቋንቋ ቁጥር ነው።

ሌላ የማይነገር ነገር ልንገርሽ። ኩባንያዎቹ ያንኑ አንድ ቅጂ ልብስ እየቀየሩ ነው የሚሸጡት። ዘንድሮ በአንድ ሽፋን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ሽፋን፣ ከዚያ ደግሞ በትልቅ ስብስብ ውስጥ። ውስጡ ያው ነው፣ ዋጋው ግን ይለያያል። መሪውን፣ ኦርኬስትራውንና የተቀዳበትን ዓመት ይዘሽ ፈልጊ፤ ሦስቱ ከገጠሙ ርካሹን ሽፋን ውሰጂ። ኮቡዝና ፕሬስቶ ሚውዚክ ፋይል ከሚሸጡት መካከል ክላሲካል ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። አማዞንም ይሸጣል። ሦስቱንም ክፈቺና አወዳድሪ። ፕሬስቶ የእንግሊዝ ሱቅ ስለሆነ አንዳንዱን አልበም ለአሜሪካ ላይሸጥልሽ ይችላል። ግን በየጊዜው የአንድን ኩባንያ ሥራዎች በሙሉ በቅናሽ ያወጣል፤ ኢሜይልሽን ስጪያቸውና ጠብቂ። ጊዜ አለሽ ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው። ከፍተኛ ጥራት የሚሉትንና ዋጋው ከፍ ያለውን ፋይል ግን ተዪው። በአባትሽ ስፒከር ልዩነቱን የሚሰማው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንቆቅልሽ። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ነው። ታዲያ ለምን ይሸጣል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኖታው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ቀረጻው ግን የራሱ ባለቤት አለው። ሰማንያ ሰው ተቀጥሮ፣ አዳራሽ ተከራይቶ የተሠራ ነገር ነው። በአሜሪካ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የወጡ ቀረጻዎች በሙሉ በጥር 2022 ነጻ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያሉት 100 ዓመት ሲሞላቸው በየዓመቱ እየተለቀቁ ነው። ይህ ደስ ይላል፤ ግን እስከ 1925 ገደማ ድረስ ሙዚቃ በማይክሮፎን አይቀዳም ነበር። የቤትሆቨን አምስተኛን አርተር ኒኪሽ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1913 ቀድቶታል። በነጻ ታገኚዋለሽ። ትልቅ ታሪክ ነው፤ ድምፁ ግን ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ለአባትሽ እንደ ቅርስ አንድ ጊዜ አሰሚያቸው፣ ስጦታ ብለሽ አትስጪያቸው።

አውሮፓ ሕጉ ሌላ ነው። እስከ 1962 መጨረሻ የወጡ ቀረጻዎች እዚያ ነጻ ናቸው። ለዚህ ነው የ1950ዎቹ ምርጥ ቅጂዎች በማታውቂያቸው የአውሮፓ ኩባንያዎች ስም በርካሽ ብቅ የሚሉት። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ ነው። እዚህ የ1960ው ምራቪንስኪ እስከ 2067 ድረስ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ግዢው ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ንጹሕ ድምፅ ያለው፣ በሕጋዊ መንገድ ነጻ የሆነ ዘመናዊ ቅጂ የለም ወይ? አለ፣ ጥቂት። ሚውዞፕን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2010 ከሕዝብ ከ68,000 ዶላር በላይ አሰባስቦ ፕራግ ላይ ኦርኬስትራ ቀጠረ። የተቀዳውን ለዓለም ለቀቀው፤ የቤትሆቨን ሦስተኛው፣ የብራምስ ሲምፎኒዎች አሉበት። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይም ተቀምጧል። ባለቤቱ ራሱ «ውሰዱት» ያለው ነገር ነው፣ ምንም አትሳቀቂ። የሚያስደንቅ አጨዋወት አይደለም። ግን ጨዋ ነው፣ ጥርት ያለ ነው።

ሰው እንዴት እንደተራበ ያየሁት ደግሞ በ2005 ነው። ቢቢሲ ዘጠኙንም የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች፣ በጃናንድሬያ ኖሴዳ መሪነት፣ ለጥቂት ቀናት በነጻ ለቀቃቸው። ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወረዱ። የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ተቆጡ። ያ ዓይነት ድግስ ግን አልተደገመም።

አሁን ጊዜሽ ገንዘብ የሚሆንበት ቦታ ላይ ደረስን። የላይብረሪ ካርድ አለሽ? ከሌለሽ ነገ ሂጂና አውጪ። ብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ላይብረሪዎች ፍሪጋል የሚባል አገልግሎት ለአባሎቻቸው ይከፍላሉ። በካርድሽ ትገቢና በሳምንት የተወሰነ ዘፈን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት፣ ታወርጃለሽ። የወረደው ኤምፒስሪ ያንቺ ነው፤ አይመለስም፣ ጊዜው አያልፍም። በውስጡ የሶኒ ኩባንያ ሥራዎች አሉ። ሶኒ ማለት ደግሞ የድሮው ኮሎምቢያ ነው፤ ኮሎምቢያ ማለት እነ በርንስታይን፣ ጆርጅ ሴል፣ ብሩኖ ዋልተር፣ ታላላቆቹ የኦርኬስትራ መሪዎች ማለት ነው።

ልብ በዪ። ለእነሱ ሦስት ደቂቃ የምትፈጅ የፖፕ ዘፈንም አንድ ዘፈን ናት፤ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ የሲምፎኒ ክፍልም አንድ ዘፈን ነው። ክላሲካል የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያተርፈው። ዘጠኙ የቤትሆቨን ሲምፎኒዎች 37 ክፍል ናቸው፤ ስድስተኛው ብቻ አምስት አለው፣ ሌሎቹ አራት አራት። በሳምንት አምስት ከሆነ በስምንት ሳምንት ትጨርሻለሽ። ሦስት ከሆነ በ13 ሳምንት። አንዳንድ አልበም ዘጠነኛውን ከአራት በላይ ስለሚቆራርጠው አንድ ሳምንት ጨምሪ። የባለቤትሽ ካርድ ካለ ደግሞ በግማሽ ያልቃል። ገና ሳይደርስ የሴል ክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ቤትሆቨን በእጅሽ ነው፤ ያወጣሽው ዜሮ ዶላር።

ላይብረሪሽ ፍሪጋል ላይኖረው ይችላል። ጠይቂ፣ ጎረቤት ካውንቲ ካርድ ይሰጥሽ እንደሆነም ጠይቂ። የላይብረሪ ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣላቸው ደስ ነው የሚላቸው። በነገራችን ላይ ሌሎች የላይብረሪ የሙዚቃ አገልግሎቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ማስደመጥ እንጂ ፋይል መስጠት አይችሉም። ለፍላሽ አይሆኑም።

ሾስታኮቪች ላይ ጠንቀቅ በዪ። የሞተው በ1975 ነው፤ ኖታው ራሱ ገና ባለቤት አለው። «ነጻ ሾስታኮቪች» የሚል ነገር ካየሽ ጥርጣሬ ይግባሽ። እሱንም በፍሪጋል ፈልጊው። ሊዮናርድ በርንስታይን በ1959 ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን ይዞ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ነበር፤ አምስተኛውን ሞስኮ ላይ ሾስታኮቪች ራሱ ተቀምጦ እየሰማ ተጫወቱት። ሲመለሱ ወዲያው ቦስተን ላይ ቀዱት፣ ለኮሎምቢያ። መጨረሻውን ከሌሎች በጣም አፍጥኖ ነው የሚመራው። አባትሽ «ምን አስሮጠው?» ሊሉ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ይህ ሲምፎኒ በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመራው በዚያው በምራቪንስኪ ነው፤ ሌኒንግራድ የሰማ ሰው ጆሮው በእሱ ነው የተቃኘው። ከ50 ዶላርሽ የሚተርፈውን ለዚህ አስቀምጪ። ምራቪንስኪ ከኮንሰርት ላይ በቀጥታ የተቀዳ የሾስታኮቪች አምስተኛ በተለያዩ ዓመታት አለው። በርካሹ ጀምሪ፤ ግን ከመግዛትሽ በፊት ናሙናውን ስሚ። አንዳንዱ ላይ ታዳሚው ከኦርኬስትራው በላይ ያስላል። የሌኒንግራድ ክረምት ነዋ!

አሁን ወደዚያ መቶ ሥራ በአንድ ዶላር። እኔም አንድ ጊዜ ተታልያለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ። «የምንጊዜም ታላላቅ ሲምፎኒዎች» የሚል ገዝቼ ቤት ገብቼ ስከፍተው ከየሲምፎኒው አንዳንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። የቤትሆቨን አምስተኛ አለ፣ ግን ያው ሁሉም የሚያውቀው «ታ ታ ታ ታም» ያለበት የመጀመሪያው ብቻ። ሌላው የለም። ሠርግ ተጠርቶ ሰላጣ ብቻ በልቶ እንደመመለስ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበር መክሰስም አሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ደቂቃውን መቁጠር። የቤትሆቨን አምስተኛ ከ30 ደቂቃ በላይ ነው። ዘጠነኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የቻይኮቭስኪ አምስተኛና ስድስተኛ ወደ 45 ደቂቃ አካባቢ ናቸው፣ የሾስታኮቪች አምስተኛም እንደዚያው። አልበሙ ላይ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ተብሎ አራት ደቂቃ ከተጻፈ ቁራጭ ነው፣ እለፊው። ቀጥሎ የመሪውን ስም ፈልጊ። ካልተጻፈ እለፊው። ተጽፎም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል። አልፍሬድ ሾልትዝ የሚባል ኦስትሪያዊ የድሮ ቴፖችን እየገዛ በፈጠራቸው ስሞች ይሸጥ ነበር። አልቤርቶ ሊዚዮ የሚል የኦርኬስትራ መሪ ካየሽ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስንቱ ቤት ሲዲው ተቀምጧል መሰለሽ። የሚያስቀው ነገር፣ የተጫወቱት ሰዎች እውነተኛ ናቸው፤ አንዳንዱ ቅጂም ጥሩ ነው። ማን እንደሆኑ ነው የማይታወቀው።

ሁሉም የአንድ ዶላር ነገር ግን ቁራጭ ነው ማለቴ አይደለም። ባክ ጊልድ በሚል ስም ከድሮው የቫንጋርድ ኩባንያ ቴፖች የተዘጋጁ ትልልቅ ስብስቦች ለረጅም ጊዜ በ99 ሳንቲም ይሸጡ ነበር፤ ሙሉ ሥራዎች፣ ስማቸው የተጻፈ ትክክለኛ ሙዚቀኞች። ስለዚህ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትሽሺው። ደቂቃና ስም ካለው ግዢው።

ስለ ጓደኛሽ ምክር ብዙ አልልም። ማንም ላያይሽ ይችላል። ግን የዩቲዩብን ደንብ መጣስ ነው፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ የታመቀ ድምፅ ነው የምታገኚው፤ ፋይሉም ስም የለው፣ ዓመት የለው። በሕጋዊው መንገድ ዜሮ ዶላር ማውጣት እየቻልሽ ለምን?

አንድ ተጨማሪ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነጻ ከሆንሽ። ሰው የለገሰውን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችና የላይብረሪ አሮጌ መጽሐፍ ሽያጮች ላይ የክላሲካል ሲዲ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ነው። ባለቤቶቹ አርጅተው ልጆቻቸው የሚጥሉት ነው። ላፕቶፕሽ ሲዲ ካልተቀበለ ከሰው ተዋሺ። ያዩትን ሁሉ አትግዢ ግን፤ እኔ ጋ አራት ካርቶን አለ፣ ባለቤቴን ጠይቂያት።

አሁን ፍላሹ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ስጦታው የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ፍላክ የሚባለው ፋይል ከድምፁ ምንም አይቀንስም፤ ለራስሽ ኮምፒውተር እሱን አስቀምጪ። ለአባትሽ ግን ኤምፒስሪ አድርጊው። ርካሽ ስፒከሮች ብዙዎቹ ፍላክ አያነቡም። 320 የሚለውን መጠን ምረጪ፤ በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዘጠኙ ቤትሆቨን ስድስት ሰዓት ያህል ይሆናል፣ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። የሁሉም ድምር ለትንሿ ፍላሽ እንኳ ቁርስ ነው። ፍላሿን በፋት32 ፎርማት አድርጊያት፤ ስፒከሩ ሌላውን ላያውቀው ይችላል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። እንዲህ ያሉ ስፒከሮች ወይ በፋይል ስም ነው የሚያጫውቱት፣ ወይ በተገለበጡበት ተራ። ስለዚህ ስማቸውን በቁጥር አስጀምሪ፣ 01፣ 02፣ 03 እያልሽ፤ በዚያው ተራም አንድ በአንድ ገልብጪ። አባትሽን ደግሞ በዘፈቀደ የሚያፈራርቀውን ቁልፍ አሳያቸውና እንዳይነኩት አደራ በያቸው። የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሦስተኛው ክፍል በእንዲህ ያለ ሆታ ያልቃል፣ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ሰው ያበቃ መስሎት ያጨበጭባል። እውነተኛው መጨረሻ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ቀስ እያለ፣ እየጨለመ፣ የሚጠፋው። በመካከላቸው የቤትሆቨን ቁራጭ ቢገባ ወንጀል ነው።

ሌላው የቤትሆቨን አምስተኛ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል መሀል ማቆሚያ የለም። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ሲገባ አንድ ትንፋሽ ነው። ርካሽ ስፒከር ትራክ ሲቀይር ግን ለአንድ ሰከንድ ዝም ይላል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት። በጣም ያናድዳል። ኦዳሲቲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱን አገናኝተሽ አንድ ፋይል አድርጊያቸው። የቤትሆቨን ስድስተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ክፍሎችንም እንደዚሁ።

ድምፁንም አስጠንቅቂያቸው። በቻይኮቭስኪ ስድስተኛ የመጀመሪያ ክፍል መሀል ሙዚቃው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ይደርሳል። ቻይኮቭስኪ ኖታው ላይ «በለሆሳስ» የሚለውን ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሮበታል። ሰው ያኔ ድምፁን ይጨምራል። ወዲያው ኦርኬስትራው ይፈነዳል። ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ፋይሎቹን በአማርኛ ስም አትሰይሚያቸው፤ ስፒከሩ ሳጥን ሳጥን ብቻ ሊያሳያቸው ይችላል። ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ በእጅሽ ጻፊላቸው፤ ቁጥሩን፣ የሲምፎኒውን ስም፣ መሪውን፣ የተቀዳበትን ከተማና ዓመት። ትልቅ አድርገሽ። ስድስተኛው ጎን ደግሞ ይህን ጨምሪበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በጥቅምት 1893 ቻይኮቭስኪ ራሱ እየመራው ሲሆን፣ አዳራሹም ዛሬ የፊልሃርሞኒያ ታላቁ አዳራሽ የሚባለው ነው። አባትሽ በተማሪ ትኬት የተቀመጡበት ማለት ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቻይኮቭስኪ ሞተ። ምናልባት ያውቁታል። ካላወቁ ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወሬ ነው።

ፍላሿን ሁለት አድርጊያት፣ አንዷ አንቺ ጋ ትቅር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያቺን የሆርን ዜማ እናረጋግጥ። ግምቴ ስህተት ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው እሁድ ለአባትሽ ስትደውዪ ምንም ሳትነግሪያቸው የምራቪንስኪን አምስተኛ፣ ሁለተኛውን ክፍል፣ ስልኩ አጠገብ ክፈቺው። ዩቲዩብ ላይ መስማት ይቻላል፣ ለመስማት ችግር የለውም። መጀመሪያ ዝቅ ያለው መግቢያ ይመጣል፤ ታገሺ፣ አታውሪ። ሆርኑ ሲገባ ከወዲያ ማዶ አብረው ማንጎራጎር ከጀመሩ 18 ዶላሩን ክፈዪ። ዝም ካሉ ግን ስሟን ጠይቂያቸውና ጻፊልኝ፣ እንደገና እንፈልጋለን።